ቆጣሪው 36 ብሎ ፊልሙ ባዶ ሲወጣ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ ሲያርፍ ከዕቃዎቹ መሃል ፔንታክስ ኬ1000 ካሜራ አገኘን። ቤት ውስጥ የሚፈልጋት ስላልነበረ እኔ ወሰድኳት። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ሁለት ኮዳክ ጎልድ 200 ፊልም ላከችልኝ። አንዱን አስገብቼ ጥምቀትን ጃን ሜዳ ስዞር ዋልኩ። 36ቱን ጨርሼም ማጠንጠኛው፣ ፊልሙን ወደ ቀጣዩ ፎቶ የሚያራምደው እጀታ፣ እየተሳበ ስለነበር "ፊልሙ ምርቃት አለው" ብዬ ደስ አለኝ። ሳሳጥበው ግን "ባዶ ነው" አሉኝ። የሰጡኝ ጥቅልል ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ያለ ብርቱካናማ ነው፤ ዳሩ ላይ ብቻ ቁጥርና ጽሑፍ አለው። ካሜራዋ ናት የሞተችው? ፊልሙ ነው? ወይስ አጣቢዎቹ አበላሹብኝ? የቀረኝን አንድ ፊልም ለፋሲካ ልጠቀምበት አስቤ ፈራሁ።
*ሰ.፣ ከገርጂ*

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ካሜራዋ የሞተች አይመስለኝም። ፊልሙም ደህና ነበር። አጣቢዎቹንም አትቀየሚያቸው። ፊልምሽ አልተራመደም። ጠዋት ያስገባሽበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው የዋለው።

እንዴት አወቅክ ትይኝ ይሆናል። ዳሩ ላይ አለ ያልሽው ጽሑፍ ነው የነገረኝ። ያ ጽሑፍ በቀለም የተጻፈ አይደለም። ፋብሪካው ፊልሙን ሲሠራ በብርሃን የሚያትመው ነው፤ ፊልሙ እስኪታጠብ አይታይም። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ከወጣ ኬሚካሉ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ጽሑፉም አብሮ ጠፍቶ ቢሆን ጣቴን ወደ አጣቢዎቹ እቀስር ነበር። ዳሩን ጨምሮ ጥቁር ሆኖ ቢመጣ ደግሞ "ክዳኑን ማን ከፈተው?" እልሽ ነበር፤ እኛ "ፊልሙ ተቃጠለ" የምንለው እሱን ነው። ያንቺው ግን ብርሃን የሚባል አላየም።

ምርቃት ያልሽውም ነገር አንድ ምልክት ነው። የ36 ፊልም አንዳንዴ 37፣ ቢበዛ 38 ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ማጠንጠኛው ድርቅ ማለት አለበት፤ ምክንያቱም የፊልሙ ጭራ ፊልሙ ተጠቅልሎ የሚመጣበት ቆርቆሮ ውስጥ ተጣብቋል። 40ኛው ላይም ያለ ምንም ችግር ከተሳበልሽ የምትስቢው ፊልም የለም። እስኪ ደግሞ አስታውሺ፤ ፊልሙን ወደ ቆርቆሮው ስትመልሺው ስንት ዙር ፈጀብሽ? ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ከነበረ ነገሩ አለቀለት።

ቆጣሪው 36 ብሎኛል እንዳትዪኝ። ቆጣሪው ፊልም አይቆጥርም። ማጠንጠኛውን ስንት ጊዜ እንደሳብሽ ነው የሚቆጥረው። ባዶ ካሜራ ላይም ይቆጥራል።

ይሄን ያወቅኩት በሰው ሠርግ ነው። በ1979 ዓ.ም. ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ለማጅ ነበርኩ። ጥር ላይ ባለቤቱ ሦስት ሠርግ ተደርቦበት አንዱን ለኔ ሰጠኝ፤ ካሜራዋ ዜኒት ነበረች። በጥድፊያ ፊልም ከተትኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ሮጥኩ። ሙሽሪትን ከቤቷ ስትወጣ፣ ጉልበት ሲስሙ፣ ኬኩን ሲቆርሱ፣ ሁሉንም አነሳሁ። 36 አለፈ። 38፣ 40። እኔም እንዳንቺ "ምርቃት" አልኩ፤ በዚያ ላይ ራሴን ጎበዝ አድርጌ ቆጠርኩት። ማታ ፊልሙን ለመመለስ እጀታዋን ሳዞር በሁለተኛው ዙር ላላች። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ዛሬም ይሰማኛል።

ባለቤቱ "ሄደህ አንተው ንገራቸው" አለኝ። ሄጄ ነገርኳቸው። ደግነቱ መልሱ ገና ነበር፤ ሙሽሪት ቬሎዋን እንደገና ለብሳ፣ ሚዜዎቹም ያንኑ ሱፍ አድርገው ተነሱ። ኬክ ግን ከየት ይምጣ? ድፎ ዳቦ ቆረሱ። የሙሽራው እናት በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰው ነበር። በዚያ አልበም ውስጥ የሉም።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ካሜራዋ ባዶ መሆኗን አረጋግጪ። በግራ በኩል ከላይ ያለችውን መመለሻ፣ የምትታጠፍ እጀታ ያላትን፣ ቀስት በሚያሳየው አቅጣጫ ቀስ አድርገሽ አዙሪያት። እያዞርሽ ከያዘሽ ውስጥ ፊልም አለ፤ አትክፈቺ። ዝም ብላ ከዞረች ባዶ ናት። የአባት ካሜራ ላይ ይሄን መርሳት ያስቆጫል። አባትሽ ያልጨረሱት ፊልም ሊኖር ይችል ነበር።

ከዚያ ጥላ ፈልጊ። ጃን ሜዳ መሃል ዛፍ ከሌለ ጀርባሽን ለፀሐይ ሰጥተሽ በራስሽ ጥላ ሥሪ። መመለሻዋን ወደ ላይ ሳቢያት፤ ኬ1000 ላይ ክዳኑ ጠቅ ብሎ ይከፈታል። መሃል ላይ ጥቁር ጨርቅ ታያለሽ። እሱ መጋረጃው ነው፤ ብርሃን የሚያስገባውና የሚከለክለው። በጣት አይነካም። በአፍሽም እፍ አትበይበት፤ ምራቅ ያርፍበታል።

ፊልም ሳታስገቢ መጋረጃውን ፈትኚው። የመጋረጃውን ፍጥነት 60 ላይ አድርጊ፣ ማጠንጠኛውን ሳቢ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙረሽ የፎቶ ማንሻውን ቁልፍ ተጫኚ። ብርሃን ብልጭ ካለልሽ ካሜራዋ ትተነፍሳለች። ባትሪ የላትም ብለሽ አትጨነቂ፤ ባትሪዋ የብርሃን መለኪያውን መርፌ ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። መጋረጃው የሚሠራው በስፕሪንግ ነው።

አሁን ቆርቆሮውን ያዢ። ከአንዱ ጫፉ ትንሽ ጉብታ ወጣ ብላለች። ጉብታዋን ወደ ታች፣ ወደ ካሜራዋ መቀመጫ አድርገሽ በግራ በኩል ባለው ጎድጓዳ ውስጥ አስቀምጪው። መመለሻዋን ወደ ቦታዋ መልሺ። ሙሉ በሙሉ ካልወረደች ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጊያት፤ ከሥሯ ያለችው ሹካ የቆርቆሮውን እምብርት ስትይዝ ራሷ ትገባለች።

ከቆርቆሮው የወጣው ቀጭን ጫፍ ምላሱ ነው። በስተቀኝ ያለችውን የምትዞር ዘንግ እኔ ቀሰም እላታለሁ፤ የሸማኔ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ክር የሚያጠነጥነው በቀሰም ነበር። ቀሰሟ ላይ ስንጥቅ አለ። ምላሱን እስኪደርስ ብቻ ሳቢና ስንጥቁ ውስጥ ክተቺው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጫፉን ለስሙ ያህል ነካ አድርጎ ክዳኑን ይዘጋል። ክዳኑ ሲዘጋ ምላሱ ሹልክ ይላል። ከዚያ በኋላ ማን ያየዋል?

ስለዚህ ክዳኑ እንደተከፈተ ማጠንጠኛውን ሳቢ። ካልሄደልሽ ቁልፉን ተጭነሽ እንደገና ሳቢ። ምላሱ ቀሰሟ ላይ አንድ ጊዜ ሙሉ መጠምጠም አለበት። ከቀሰሟ አጠገብ ከላይና ከታች ትንንሽ ጥርሶች አሉ። ምላሱ መጀመሪያ ላይ ጠባብ ስለሆነ አንዱን ረድፍ ብቻ ነው የሚይዘው። ፊልሙ ወደ ሙሉ ስፋቱ ደርሶ በላይም በታችም ያሉት ቀዳዳዎች ጥርሶቹ ላይ እስኪቀመጡ ጠብቂ። እንዲህ ስታደርጊ አንድ ፎቶ የሚያህል ፊልም ይበላብሻል። ይብላ! እኔ ጥርሶቹ በሁለት በኩል ሲነክሱ በዓይኔ ሳላይ ክዳን ዘግቼ አላውቅም፤ ከዚያ ሠርግ ወዲህ ማለቴ ነው።

ፊልሙ የተወጠረና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ሆዱ አበጥ ካለ መመለሻዋን ትንሽ አዙረሽ አጥብቂው። የሚያብረቀርቀው ጀርባ ወዳንቺ፣ ደብዛዛው ወደ ሌንሱ ነው።

ክዳኑን ዝጊ። አሁን መመለሻዋን በቀስቱ አቅጣጫ በጣም በቀስታ አዙሪያትና ሲይዝሽ ወዲያው አቁሚ። ውስጥ የላላውን ፊልም እየሰበሰብሽ ነው። ያዝ ካደረገሽ በኋላ ከገፋሽበት ቀዳዳዎቹን ትቀጂያቸዋለሽ፤ ወይም ምላሱን ከቀሰሟ መልሰሽ ትነቅይዋለሽ።

ቀጥሎ ማጠንጠኛውን እየሳብሽ መመለሻዋን ተመልከቺ። ፊልሙ ከተራመደ እሷ በቀስቱ ተቃራኒ ትዞራለች። በአንድ ስበት የሚሄደው ፊልም 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስምንት ቀዳዳ። ቆርቆሮው ሙሉ ሲሆን ይሄ መመለሻዋን ግማሽ ዙር ያህል ያዞራታል። ወደ መጨረሻው ጥቅልሉ ስለሚቀጥን የበለጠ ትዞራለች። ሁለት ጊዜ ባዶውን ተኩሺ፤ ቆጣሪው 1 ላይ ሲደርስ ጀምሪ። ሁለቱንም ጊዜ ካልዞረች ጥላ ፈልጊና ክፈቺው። የሚጠፋው ያን ያህል አይደለም።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። የፊልሙን ቁጥር፣ ለብርሃን ምን ያህል ንቁ እንደሆነ የሚናገረውን 200ን፣ ካሜራዋ ላይ ሙዪ። ኬ1000 ላይ የፍጥነቱን ቁልፍ የውጭ ቀለበት ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ማዞር ነው። እኔ ደግሞ ቁራጭ ፕላስተር ላይ "200" ብዬ ጽፌ ክዳኑ ላይ እለጥፋለሁ። ውስጥ ፊልም እንዳለም ያስታውሰኛል።

ሲያልቅ ማጠንጠኛው ይደርቃል። አትታገዪው። ከታች ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫኚ፣ የመመለሻዋን እጀታ ዘርጊ፣ በቀስቱ አዙሪ። ረጅም ነው፤ ታገሺ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ይይዝና በድንገት ይላላል፤ ምላሱ ከቀሰሟ ወጣ ማለት ነው። ሁለት ዙር ጨምሪና ክፈቺ።

ለፋሲካ የምትጠቀሚበትን ፊልም አትለማመጂበት። አጣቢዎቹ ጋ ጊዜው ያለፈበት ፊልም አይጠፋም፤ አንድ ለምኚያቸውና አሥር ጊዜ ከቺው፣ አሥር ጊዜ አውጪው። ጃን ሜዳ ለመጪው ዓመትም አለ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በ1974 ዓ.ም. የገዛኋት ዜኒት ኢ አለችኝ። ልጄ ሰሞኑን አዲስ ፊልም አምጥቶልኝ አስገባሁ። አሁን ማጠንጠኛው አልሳብ አለኝ። ቆጣሪው የሚለው 31 ነው፤ አምስት ይቀረኛል ማለት ነው። ፊልሙና ካሜራው የተለያየ ዘመን ስለሆኑ አልተስማሙ ይሆን? በጉልበት ልሳበው ወይስ ከፍቼ ልየው?
*ከደሴ*

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱንም እንዳያደርጉ። የፊልሙን ማሸጊያ ይመልከቱልኝ፤ 24 የሚል ይመስለኛል። የዜኒት ኢ ቆጣሪ ክዳኑን ሲከፍቱ ወደ ዜሮ አይመለስም። ሁልጊዜ በእጅ መመለስ አለበት። ከድሮው ፊልም የቀረ ሰባት ላይ ቆሞ ኖሮ እርስዎ ከዚያ ቀጥለዋል። ሰባትና ሃያ አራት 31 ነው፤ እኔ መምህርን ሒሳብ ላስተምር አልችልም።

ፊልሙና ካሜራው አልተጣሉም። ይቺ ቆርቆሮ ኮዳክ በ1934 እ.ኤ.አ. ካወጣት ጀምሮ መጠኗ ያው ነው። የመመለሻውን ቁልፍ ተጭነው በቀስታ ይመልሱት። በጉልበት ቢስቡት ወይ ቀዳዳዎቹ ይቀደዳሉ፣ ወይ የፊልሙ ጭራ ከቆርቆሮው ይነቀላል። ከተነቀለ በኋላ መመለሻው ቢዞርም ፊልሙ ወደ ቤቱ አይገባም።

ምናልባት አስቀድመው ስበውት ከሆነ፣ ካሜራውን እንደተዘጋ ወደ ፎቶ ባለሙያ ይውሰዱት። ቅርብ ከሌለ ሌሊት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ፣ የበሩን ስር በጨርቅ ደፍነው ይክፈቱት። ፊልሙን በዳሩ ይዘው ጠቅልለው ብርሃን የማያስገባ ዕቃ ውስጥ ይክተቱት፤ ላዩ ላይም "አልታጠበም" ብለው ይጻፉ። አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቤ እሠራዋለሁ ብሎ ሙሉ ፊልም አቃጥሏል። ጋቢ ነጭ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል።

ስለ ዜኒቷ ሌላ ነገር ልጨምር። የብርሃን መለኪያዋ ባትሪ አይፈልግም፤ ከሌንሱ በላይ ያለችው ሸንተረር መስታወት ራሷ ከብርሃኑ ጉልበት ታመነጫለች። ግን ከዕድሜ ጋር ትደክማለች። መርፌው ቢንቀሳቀስም እውነቱን ላይናገር ይችላል። የልጅዎን ስልክ ተውሰው በብርሃን መለኪያ አፕ ያነጻጽሯት።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ለእረፍት አገር ቤት ልመጣ ነው። ዱባይ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ፊልሞቼ መኪና ውስጥ ሁለት ቀን ቆይተዋል። ደግሞ ኤርፖርት ማሽኑ ያበላሻል ይላሉ። ምን ይሻለኛል?
*ከዱባይ*

መልስ፦ መኪና ውስጥ የቆዩትን ለሰርግና ለክርስትና አታውላቸው፤ ለመንገድ ላይ ፎቶ ይሁኑ። ቀለማቸው ሊዛባ ይችላል እንጂ አይጣሉም። ሌሎቹን ፍሪጅ ውስጥ አድርግ፣ በማሸጊያቸው። ስታወጣቸው ወዲያው አትክፈት። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ አንድ ሰዓት ያህል ተዋቸው፤ አለበለዚያ እንደ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠርሙስ ላብ ያወጣሉ፣ ላቡም ፊልሙ ላይ ይቀራል።

ኤርፖርቱን በተመለከተ የሰማኸው እውነት ነው። በተለይ አዲሶቹ ሲቲ ስካነር የሚባሉት ያልታጠበ ፊልም ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። በሻንጣ አትላክ፤ እዚያ ያለው ማሽን ይብሳል። በእጅህ ያዝ። ፊልሞቹን ከካርቶናቸው አውጥተህ በሚያሳይ ፕላስቲክ ከረጢት አድርግና "በእጅ ፈትሹልኝ" ብለህ በትህትና ጠይቅ። እሺ የሚልህም እምቢ የሚልህም ይኖራል። ካሜራህ ውስጥ የተጀመረ ፊልም ካለ ከጉዞው በፊት ጨርሰውና አውጣው፤ ካሜራው ማሽኑ ውስጥ መግባቱ አይቀርማ። ከታጠበ በኋላ ግን ማንም ማሽን አይነካውም፤ ኔጋቲቩን ኪስህ ከተህ እለፍ።

የተነሳባቸውንና ያልተነሳባቸውን አትቀላቅል። እኔ የጨረስኩትን ስመልስ ምላሱን ሙሉ በሙሉ አስገባዋለሁ። ምላሱ ውጭ የቀረ ያልተነካ ይመስላል፤ ደግመህ ትከተውና ፎቶ በፎቶ ላይ ትደርባለህ። የአክስትህ ፊት ላይ ቡርጅ ኸሊፋ ሲበቅል አስበው።

ጥያቄ፦ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሲኒማ ላይ እንደማየው በቀይ መብራት ከሠራሁ ፊልሙን ከቆርቆሮው አውጥቼ ማየት እችላለሁ?
*ከባሕር ዳር*

መልስ፦ አትችልም። ያየኸው ቀይ መብራት የጥቁርና ነጭ ፎቶ ለሚታተምበት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ቀይ አያይም። ዛሬ ለካሜራ የሚሸጠው አብዛኛው ፊልም ግን ቀዩንም ያያል፤ ድፍን ጨለማ ነው የሚፈልገው። ከገባህ በኋላ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ ዓይንህ ጨለማውን ሲለምድ ያላየሃት የበር ስንጥቅ ብቅ ትላለች። ስልክህን ውጭ ተው። የእጅ ሰዓትህ የሚያበራ ከሆነም አውልቀው።